የኔቱ ጣጣና የእኛ ጣጣ

ለዚህ እትም አስበን የነበረው ስለ መኖሪያ ፈቃድ እድሳት ልንጽፍ ነበር። እሱ ለሚቀጥለው ይቆየን። ባለፈው እሑድ ዳውራ ተሰብስበን፣ ገና አቦሉ ሳይጠጣ ወሬው ሁሉ ኔት ሆነ። አንዷ ልጇን በቪዲዮ ካየች ሁለት ሳምንት አልፏታል። ሌላዋ ስለ ሰፈሯ የኔት ሰውዬ ስታወራ «እሱን ከማግኘት ጠቅላይ ሚኒስትሩን ማግኘት ይቀላል» ብላ ሁላችንን አሳቀችን። ሳቁ ሳያልቅ ጥግ ላይ ዝም ብላ የተቀመጠች አንዲት እህታችን የራሷን ተናገረች። ከዚያ በኋላ የሳቀ ሰው የለም። እንድንጽፈው ፈቅዳልናለች፤ ስሟን ግን አናነሣም።

ናባ ውስጥ ከአራት ልጆች ጋር ቤት ተከራይታ ትኖራለች። የኔቱ ሒሳብ በወር 25 ዶላር ነው፤ ለአምስት ሲካፈል አምስት አምስት ይደርሳቸዋል። በሰዓት ትሠራባቸው የነበሩት ሁለት ቤቶች ባለቤቶቹ ወደ ውጭ ስለሄዱ ሥራ ፈታች፤ ሁለት ወር የኔቱን አልከፈለችም። ኔቱ ደግሞ በዚያው ሰሞን ይቆራረጣል፣ ቪዲዮ አይከፍትም፣ ሰውዬው ይመጣል ቢባል አይመጣም። የቤቱ ሰው ሁሉ ተናደደ። ንዴቱ ግን ሰውዬው ጋ አልደረሰም፤ እሷ ላይ አረፈ። «የማትከፍለው እየተጠቀመች ነው እንዲህ የሚንቀራፈፈው» ተባለና ፓስወርዱ ተቀየረ። የስልኳም ካርድ አልቆ ነበር።

በዚያው ሳምንት እናቷ ደሴ ላይ ታመው ተኙ። ወንድሟ አራት ቀን ደወለ። እናቷ «ድምፅዋን ብቻ አሰሙኝ» ይሉ ነበር አሉ። በአምስተኛው ቀን የወንድሟ መልእክት ዞሮ ዞሮ የሌላ እህት ስልክ ላይ ደረሰ፤ እናትየው አርፈዋል። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ እንደ ወጉ ታላላቆቻችን ሌሊት ተጠራርተው ሄደው ማለዳ ላይ አረዷት። ለቅሶ ተቀመጥን። ንፍሮውን የቀቀለችው ፓስወርዱን የቀየረችው ልጅ ናት። ሦስቱንም ቀን ቀና ብላ ሰው አላየችም።

ይህን የምንጽፈው ያቺን ልጅ ለመውቀስ አይደለም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ በዚህ ዓመት ፓስወርድ ያልቀየረ ወይም ያልተቀየረበት ቤት ካለ እጁን ያውጣ። የምንለው አንድ ነገር ነው፤ ኔቱን የሚያበላሸው ሌላ ሆኖ ሳለ ቅጣቱን የምንከፍለው እርስ በርሳችን ነው። ይህ መቆም አለበት።

መጀመሪያ ኔቱ ከየት እንደሚመጣ እንነጋገር፤ የምንጣላው ብዙውን ጊዜ ከማናውቀው ነገር ጋር ስለሆነ። ሊባኖስ ውስጥ የመደበኛ ስልኩና የኢንተርኔቱ ዋና መስመር በመንግሥት እጅ ነው። ኩባንያዎች ከመንግሥት ይገዛሉ፤ ከኩባንያዎቹ ደግሞ የሰፈር አከፋፋዮች ይገዛሉ። ከእነዚህ አከፋፋዮች ብዙዎቹ ፈቃድ የላቸውም። ናባ ወይም ቡርጅ ሃሙድ ውስጥ ቀና ብላችሁ ብታዩ፣ ከመብራቱ ገመድ ጋር እንደ ሸረሪት ድር ተጠላልፎ ከሕንፃ ሕንፃ ከተወጠረው ገመድ ብዙው የእነሱ ነው። ሰውዬው አንድ መስመር ያመጣና ለሠላሳም ለሃምሳም ቤት ይቆራርሰዋል። እንደ ገበታ ቁጠሩት፤ ስምንት ሰው ሲቀርብ ለሁሉም ይደርሳል፣ ሃምሳ ሲቀርብ ጣት መላስ ይሆናል። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ጥሩ የነበረው ኔት ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት የሚሞተው ለዚህ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ከሥራ ገብቶ ፊልም የሚከፍትበት ሰዓት ነው። እኛም የምንደውለው በዚያው ሰዓት ነው።

በዚህ ላይ መብራቱ አለ። የዳውላ መብራት ሄዶ የኢሽቲራኩ ሞተር እስኪነሣ ራውተሩ ይጠፋል፤ ተነሥቶ እስኪይዝ ሌላ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። እናንተ ቤት ሞተር ቢኖር እንኳ፣ የሰውዬው ዕቃ የተቀመጠበት ጣሪያ ላይ መብራት ከሌለ ኔት የለም። ዋይፋዩ ሙሉ ሆኖ እየታየ ምንም የማይከፍተው አንዳንዴ ለዚህ ነው። ዋይፋዩ ከራውተሩ እስከ ስልካችሁ ያለው ብቻ ነው፤ ከራውተሩ ወዲያ ያለው ሌላ መንገድ ነው። ዋናው መስመርም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። በ2022 ጥር ወር ናፍጣ አልቆ እዚሁ ቤይሩት ውስጥ አንድ የመስመር ጣቢያ ሥራ አቁሞ ነበር። በዚያው ዓመት ከጁላይ 1 ጀምሮ ደግሞ የሞባይሉም የኢንተርኔቱም ታሪፍ ብዙ እጥፍ ዘለለ። ደመወዛችን አብሮ አልዘለለም፤ እሱን እናንተው ታውቁታላችሁ።

እንግዲህ ሰውዬው ጋ ስትደውሉ የሚላችሁን ሁላችሁም በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። «ሃላእ» ይላል። በቋንቋቸው «አሁን» ማለት ነው፤ በእሱ ቋንቋ ግን ዛሬ አልመጣም ማለት ነው። «ቡክራ» ካለ ሳምንት ነው። «ማፊ ዳውላ» ካለ ጥፋቱ የመንግሥት ነው፤ «ኩል ቤይሩት ሄይክ» ካለ ደግሞ ጥፋቱ የማንም አይደለም። ብር ለመሰብሰብ ሲሆን ግን ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ይመጣል። ናቱሩ እንኳ ሳይነግረን በኮቴው እናውቀዋለን።

እንዲህ የሚያደርገን ለምንድን ነው? አንደኛ፣ ወረቀት የለንም። ውል አልፈረምንም፤ እሱም ፈቃድ ከሌለው የምንከሰው ቦታ የለም፤ ከእኛ ብዙዎቹ ደግሞ መኖሪያ ፈቃዳችን የተቃጠለ ነንና እንኳን ለኔት ለሌላም ፖሊስ ጋ አንሄድም። እሱም ይህን ያውቃል። ሁለተኛ፣ ተራ በተራ ነው የምንደውለው። ዛሬ አንዷ በተሰባበረ ዐረብኛ ትጮኻለች፣ ነገ ሌላዋ ትለምነዋለች፣ ከነገ ወዲያ ሦስተኛዋ ስልኳን ጥላ ታለቅሳለች። ለእሱ ሦስት የተለያዩ ሐበሾች ናቸው፤ አንድ ደንበኛ አይደሉም።

የ2019ኙን ጥቅምት እዚህ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ኦክቶበር 17 ቀን፣ መንግሥት በዋትስአፕና በመሳሰለው ለሚደረግ ጥሪ በቀን 20 ሳንቲም፣ በወር እስከ 6 ዶላር ሊያስከፍል ነው ተባለ። የዚያኑ ማታ ሀገሬው መንገድ ዘጋ። ሐሳቡ በሰዓታት ውስጥ ተነሣ፤ ሰልፉ ግን ቀጠለና በዚያው ወር በ29 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለቀቁ። ነገሩ የዋትስአፕ ብቻ አልነበረም፤ የቆየ ብሶት ነው የፈነዳው። እኛም ጎማ አቃጥሉ አላልንም፤ በእኛ ላይ የሚመጣውን እናውቃለን። ግን ያን ማታ ማንም ለብቻው ስልክ ይዞ «እባክህ» ሲል አልነበረም።

ቡርጅ ሃሙድ ያሉ እህቶቻችን ያደረጉትን ብንነግራችሁ ይሻላል። ፊትና ኋላ ያሉ ሁለት ቤቶች ናቸው፤ ኔታቸው ከአንድ ሰው ነው የሚመጣው። አንዲት የሃምሳ ሳንቲም የልጆች ደብተር ገዝተው ራውተሩ አጠገብ በክር አንጠለጠሉ። ኔት ሲጠፋ የገጠማት ሰው ቀኑን፣ የጠፋበትን ሰዓት፣ መብራት ነበረ አልነበረም፣ ተመልሶ የመጣበትን ሰዓት ትጽፋለች። ሌላ ምንም የለበትም። ወር ሲሞላ ቆጠሩት፤ መብራት እያለ ኔት የጠፋበት 11 ቀን ወጣ። ሰውዬው ብሩን ሊወስድ ሲመጣ የሁለቱም ቤት ሰዎች ደረጃው ላይ ቆመው ጠበቁት። ከመካከላቸው ዐረብኛ የምትችለው አንዷ ብቻ ተናገረች፤ ሌሎቹ ዝም። አልሰደቡትም። ደብተሩን አሳዩት፣ ሙሉውን ለመክፈል ዝግጁ ነን፣ ግን የሰጠኸን የ19 ቀን ነው አሉት። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ «ሹ ባዕመል?» አለ። በመጨረሻ ከሁለቱም ቤት ሒሳብ ስምንት ስምንት ዶላር ቀነሰና በሳምንቱ ገመዱን ቀየረው። አሁንም ይጠፋል፣ ድሮ እንደሚጠፋው ግን አይደለም። ትልቁ ነገር፣ ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት «አንቺ ነሽ ኔቱን የጨረስሽው» የሚል ክርክር የለም፤ ደብተሩ መልሷል።

ብር ስትሰጡትም እንዲሁ። ደረሰኝ አይሰጣችሁም፤ ግን ወዲያው በዋትስአፕ «ዛሬ የዚህን ወር 25 ዶላር ሰጥተንሃል» ብላችሁ ላኩለት። አውራ ጣቱን እንኳ ከላከላችሁ ደረሰኝ ነው። አዲስ ስታስገቡ ደግሞ ራውተሩ የማን እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ገዝታችሁት ከሆነ ቤት ስትቀይሩ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ፤ ስንቶቻችን በራሳችን ብር የገዛነውን ትተን ወጥተናል።

ስለ ፍጥነቱ አንድ ነገር እንወቅ፣ በማናውቀው እንዳንታለል፣ በማናውቀውም እንዳንጣላ። «4 ሜጋ» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሜጋቢት ነው። ፊልም ስታወርዱ ስልካችሁ የሚያሳያችሁ ግን ሜጋባይት ነው። ስምንት ቢት አንድ ባይት ስለሆነ፣ 4 ሜጋ ማለት ቢበዛ በሰከንድ ግማሽ ሜጋባይት ነው። ስለዚህ ግማሽ ካያችሁ ሰውዬው አልዋሸም። ጠዋት ያየችሁትን ማታ አሥረኛውን እንኳ ካጣችሁት ግን መስመሩን ከሚችለው በላይ ሸጦታል፤ ይህ ደብተር ላይ ይገባል።

አሁን ወደ ናባው ቤት እንመለስ። «የማትከፍለው እየተጠቀመች ነው የሚንቀራፈፈው» ነበር የተባለው። እውነት ነው? የዋትስአፕ የድምፅ ጥሪ በደቂቃ ግማሽ ሜጋባይት ገደማ ነው የሚወስደው፤ ብዙ ጊዜ ከዚያም ያነሰ። ጥራቱ ከፍ ያለ ቪዲዮ ደግሞ በሰዓት ከአንድ ጊጋ በላይ ይበላል። ቁጭ ብላችሁ አስሉት። አንድ ሰዓት የቱርክ ድራማ ማለት ከሠላሳ ሰዓት በላይ የእናት ድምፅ ማለት ነው። ድራማ አትዩ አይደለም የምንለው፤ ከአሥራ አራት ሰዓት ሥራ በኋላ ሰው ምን ያድርግ? የቪዲዮውን ጥራት ዝቅ አድርጋችሁ እዩት፣ ወይም ሌሊት አውርዳችሁ ቀን እዩት ነው የምንለው። ማንም ሳያየው ኔት የሚበላው ሌላው ነገር ስልካችን ራሱ ነው። ፎቶውን ሁሉ በራሱ ወደ ላይ ይጭናል፣ አፑን ሁሉ በራሱ ያድሳል። አምስት ስልክ በአንድ ማታ እንዲህ ሲያደርግ ለጥሪ የሚተርፍ የለም። ማስተካከያው ውስጥ ገብታችሁ አጥፉት፤ የማትችሉ እሑድ ስልካችሁን ይዛችሁ ኑ፣ የሚችሉ ልጆች አሉን። ዋትስአፕ ላይም ለጥሪ አነስተኛ ዳታ እንዲጠቀም የሚያደርግ ማስተካከያ አለ።

ኔት ደካማ ሲሆን ደግሞ ጥሪ ላይ አትሙቱ። በድምፅ ቅዱና ላኩት። ጥሪ በመሐል ሲቆረጥ ሁሉም ይጠፋል፤ የተቀዳ ድምፅ ግን ኔት በመጣ ሰዓት ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ እዚያም ሲደርስ ይቀመጣል። ብዙ እናቶች ደጋግመው ያዳምጡታል።

ጥፋቱ የት እንደሆነ ለማወቅም የዋትስአፑን ምልክት እዩ። ከመልእክታችሁ አጠገብ የሰዓት ምልክት ካለ መልእክቱ ከስልካችሁ ገና አልወጣም፤ ችግሩ እኛ ጋ ነው። አንድ ምልክት ከሆነ ከእኛ ወጥቷል፣ እዚያ ግን አልደረሰም፤ ወይ ስልኩ ተዘግቷል፣ ወይ እዚያ ኔት የለም። ሁለት ከሆነ ደርሷል፤ ካልመለሱላችሁ ነገሩ የኔት አይደለም። ይህን ሳናይ ስንቴ ራውተር ነቅለን ሰክተናል! በሰኔ 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውስጥ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲዘጋ፣ እዚህ የኔቱን ሰውዬ ሲሰድቡ የሰነበቱ ነበሩ። ከጥቅምት 2013 በኋላ ትግራይ ያሉ ቤተሰቦቻቸውን ኔትም ስልክም ከልክሏቸው ከዓመት በላይ በጨለማ የቆዩ እህቶች አሉን። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ አማራ ክልል ያሉ ቤተሰቦቻቸውን በተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ማግኘት ያልቻሉ ብዙዎች ነበሩ። እንዲህ ሲሆን ጠያይቁ፤ ከዚያው ሰፈር የመጣች ሌላ እህት ዘንድ ወሬ ደርሶ ይሆናል። ለብቻ መጨነቁ ምንም አያመጣም።

ይህ ሁሉ ቤት ተከራይተን ለምንኖረው ነው። በሰው ቤት ኮንትራት ላይ ላላችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ከዚህም የከፋ ነው። እናንተ የኔት ሰውዬ የላችሁም፤ ያላችሁ የማዳም ዋይፋይ ነው። ማዳም ስትቆጣ ይጠፋል፣ ደስ ሲላት ይመጣል። «ኔት የለም» ስትባሉ እውነት መሆኑን የምታውቁበት መንገድ አለ። የዋይፋዩ ስም እየታየ ፓስወርድ አዲስ የሚጠይቃችሁ ከሆነ ተቀይሯል እንጂ አልተበላሸም። ተያይዞ ግን ምንም የማይከፍት ከሆነና የልጆቹም ስልክ እንደዚያው ከሆነ በእርግጥ ኔት የለም። የልጆቹ እየሠራ የእናንተ ብቻ ካልሠራ ስልካችሁ ተለይቶ ተዘግቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ይህን የምንነግራችሁ እንድትጣሉ አይደለም፤ የት እንደቆማችሁ እንድታውቁ ነው።

የሀገሩ የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኛን አይጨምርም፤ የ1946ቱ ሕግ በአንቀጽ 7 አስቀርቶናል። ግን በፈረንጆች 2009 የወጣው ወጥ ውል አለ፤ ሁላችሁም ኖታሪ ፊት የፈረማችሁት እሱን ነው። እሱ ላይ አሠሪው ሠራተኛዋ የሚደወልላትን ስልክ እንድትቀበል መፍቀድ፣ በወር አንዴም በራሱ ወጪ ከቤተሰቧ ጋር ማገናኘት አለበት የሚል አለ። በወር አንዴ! የዛሬ ዘመን ሰው ይስቅበታል። ቢሆንም ኔት ለሚዘጋባት እህት ያቺ አንዴም ቁም ነገር ናት። ማዳምን ስትጠይቁ «ዋይፋይ ስጪኝ» ከማለት «ማማ፣ በውሉ ላይ እናቴን በወር አንዴ ማናገር አለብኝ፣ ይህን ወር አላናገርኩም» ማለቱ ይሻላል። ቁጣ የሌለው፣ ግን እንደምታውቁ የሚያሳውቅ ንግግር ነው።

ከዚህ ሁሉ ግን በላይ የምንለምናችሁ፣ በዋይፋይ ብቻ አትመኩ። የራሳችሁ መስመር ይኑራችሁ፣ ትንሽም ብትሆን ካርድ ይኑረው። ቀኑ ሲያልፍ ያልተሞላ መስመር እንደሚቃጠልና ቁጥሩም እንደሚሄድ አትርሱ። የቤተሰብን፣ የቆንስላውን፣ የአንድ የምታምኗትን እህት ቁጥር በቃላችሁ ያዙ ወይም ልብሳችሁ ውስጥ ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ስልክ ሊነጠቅ ይችላል። በ2024ቱ ጦርነት ጊዜ አሠሪዎቻቸው ቤት ቆልፈውባቸው የሸሹ እህቶች እንደነበሩ ሁላችንም ሰምተናል። መብራቱ ሲሄድ ዋይፋዩም አብሮ ሄደ። ካርድ የነበራት ደወለች።

በነገራችን ላይ፣ «ኔታችሁን እናስተካክላለን፣ አሁን የሚደርስሽን ስድስት ቁጥር ንገሪኝ» የሚላችሁ ሰው ቢደውል ዝጉበት። ያ ቁጥር የዋትስአፓችሁ ቁልፍ ነው። በእናንተ ስም ከእህቶቻችሁ ብር ይለምናል። በዚህ መንገድ ሁለት እህቶቻችን ተዘርፈዋል።

እሑድ ዕለት ተነጋግረን የደረስንበትን እንንገራችሁ። ቤት ውስጥ አብረን የምንኖር ሰዎች፣ ያልከፈለች እህት ፊልም ማየቷን ትታገሥ ይባል ይሆናል፤ ለጥሪና ለመልእክት ግን ፓስወርድ አይከለከልም። ይህን ሁሉም አልወደደውም። አንዲት ታላቃችን ተነሥታ «እኔ ሰባት ዓመት ሙሉ የራሴን ከፍዬ ነው የኖርኩት፤ እንዲህ ካላችሁ ነገ ማን ይከፍላል?» አለች። ልክ ናት፤ አውቆ የማይከፍልም አለ። ሥራ ያላትና ብሯን ለጫማ ያዋለች ልጅ፣ ሥራ ከፈታችው ጋር አንድ አይደለችም። ለዚህ ነው ሌላ ሐሳብ የመጣው። ከወር መዋጮአችን ላይ ከእያንዳንዳችን አንድ ዶላር ተነሥቶ ለብቻው ይቀመጣል። ሥራ የፈታች ወይም የታመመች እህት የኔት ድርሻዋ እስከ ሦስት ወር ከዚያ ይከፈላል፤ ኮንትራት ላይ ሆና ለተዘጋባት ደግሞ ካርድ ይሞላላታል። የቤቷ ሰዎች ለገንዘብ ያዧ ይንገሩ እንጂ እሷ ራሷ መጥታ እንድትለምን አይጠበቅባትም። ታላቃችን በመጨረሻ «እንዲህ ከሆነ እሺ» ብላ የመጀመሪያውን ዶላር አወጣች፤ ግን ሒሳቡ በየወሩ እንዲነበብ አስገድዳለች፤ ይነበባል።

ሁለተኛው ሐሳብ የደብተሩ ነው። በአንድ ሰውዬ የምትጠቀሙ ቤቶች ተፈላለጉ። ናባ ውስጥ ብቻ በአንድ ሰው ሥር ያሉ አራት የእኛ ቤቶች እንዳሉ ያወቅነው እሑድ ዕለት ነው፤ አንድ ደረጃ እየወጡ እየወረዱ አይተዋወቁም ነበር። ከየቤቱ አንዲት ሰው ትመረጥ፣ የምትናገረው እሷ ብቻ ትሁን። ሰውዬውን አትስደቡት፤ ከስድብ በኋላ ገመድ የሚቀይር ሰው አላየንም።

ለራውተር የምትሆን ትንሽ ባትሪ፣ ዩፒኤስ የሚሏት፣ ዳውራ ካሉት የኤሌክትሪክ ሱቆች ትገኛለች። መብራት ሄዶ ሞተር እስኪነሣ ትይዝላችኋለች። ከመግዛታችሁ በፊት ራውተራችሁ ላይ የተጻፈውን ቮልት አይታችሁ ሂዱ፤ ብዙው 12 ነው፣ ግን 9ም አለ፣ ካልገጠመ ዕቃው ይቃጠላል። ፎቶ አንሥታችሁ ለሻጩ ብታሳዩት ይበቃል።

የናባዋ እህታችን በሳምንት ሦስት ቀን የምትሠራበት ቤት አግኝታለች። የናባው ቤት ፓስወርድ ደግሞ ማድቤቱ በር ላይ ተለጥፏል፤ የለጠፈችው ንፍሮውን የቀቀለችው ልጅ ናት። የአርባው ዝክር የሚቀጥለው እሑድ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በዘጠኝ ሰዓት እነሱው ቤት እንገናኛለን። ደብተር የጀመራችሁ ይዛችሁ ኑ፣ ስልኩ እንዲስተካከልላት የምትፈልግም ቻርጅ አድርጋ ትምጣ። በዚያ ሰፈር ዳውላ እሑድ ከሰዓት አይገኝም።